ቀሚስ የለበሰችውን ደንበኛ ማን ያስተናግዳት?

ለቢሮ የለበሰች ሴት አንድ ቀን ብስክሌት ልግዛ ብላ ገበያ ብትወጣ ምን ይገጥማታል? ከሱቁ በር ላይ የሚጠብቋት በአብዛኛው ባለ ወፍራም ጎማ የተራራ ብስክሌቶች ናቸው። ከኮርቻው እስከ መሪው አግድም የተዘረጋ ብረት አላቸው። ካቴናቸው ግሪስ እንደተለቀለቀ ገላጣውን ነው። ቅርጫት የለም፤ ዕቃ መጫኛ የለም፤ መብራት የለም፤ ፓራፋንጎም ቢሆን ብዙ ጊዜ የለም። ጉርድ ቀሚስ የለበሰችና ቦርሳ ያንጠለጠለች ደንበኛ በዚያ ላይ ለመውጣት ወይ ልብሷን መለወጥ ወይ መሳቂያ ለመሆን መቁረጥ አለባት። ሻጩም "እህት፣ ለወንድምሽ ነው ለልጅሽ?" ይላታል። እሷም ዋጋ ጠይቃ ትመለሳለች።

ከዚያ በኋላ ነጋዴው "ሴቶች ብስክሌት አይገዙም" ብሎ ይደመድማል። የወንድ ጫማ ብቻ ደርድሮ "ሴቶች ጫማ አይገዙም" የሚል ባለሱቅ ቢኖር መርካቶ በሙሉ ይስቅበት ነበር። በብስክሌት ላይ ግን ይኸው አባባል እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ ይኖራል። የከተማው ሕዝብ ግማሽ የሆነው ደንበኛም ሳይስተናገድ ይቀራል።

የከተማ ሴቶች የብስክሌት ገበያ የሚከፈተው በስፖርት በር አይደለም፤ በልብስ በር ነው። አንዲት ሴት ጠዋት የለበሰችውን ሳትለውጥ፣ ሳይቆሽሽባትና ሳይተለተልባት ከቤቷ ወጥታ ሥራዋ የምትደርስበትን ብስክሌት ያቀረበ ነጋዴ ገበያውን ያገኛል። ይህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ ነገር ነው።

ብስክሌቱን ያስለወጠው ቀሚስ ነው

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ታሪኩን ከመነሻው ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት ጎማዎችና ካቴና ያለውን "ሮቨር" የተባለ ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ በአየር የሚነፋውን ጎማ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በፊት የነበረው የፊት ጎማው እንደ ማማ የረዘመ ብስክሌት ስለነበር፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀሚስ ለምትለብስ ሴት የሚታሰብ አልነበረም።

አዲሱ ብስክሌት ዝቅ ሲል ፋብሪካዎች ወዲያው አንድ ነገር አስተዋሉ። መካከል ያለው አግድም ብረት ወደ ታች ከታጠፈ ሴቲቱ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ትወጣለች። ካቴናው በሽፋን ከተከደነ ልብሷ አይነከስም። ከፓራፋንጎው እስከ ጎማው እምብርት ድረስ ክር እንደ መረብ ከተወጠረ ቀሚሷ በጎማው ሽቦዎች መካከል አይገባም። ሦስቱም ማሻሻያዎች ብዙ ወጪ የሚጠይቁ አልነበሩም። ከበጎ አድራጎት ይልቅ የገበያ ስሌት ነበሩ ቢባል ያስኬዳል።

ተቃውሞ አልጠፋም። በዘመኑ የነበሩ አንዳንድ ሐኪሞች ብስክሌት የምትነዳ ሴት "የብስክሌት ፊት" የሚባል በሽታ ይይዛታል፤ ፊቷ ተኮማትሮ ይቀራል እያሉ ያስፈራሩ ነበር። ዛሬ እዚህ "ለሴት ልጅ ጥሩ አይደለም" ተብሎ በሹክሹክታ የሚነገረውም የዚያው ወሬ ዘመድ ነው። ለሴቶች መብት ስትታገል የኖረችው አሜሪካዊት ሱዛን ቢ. አንቶኒ ግን በ1896 ለጋዜጣ በሰጠችው ቃል፣ ሴቶችን ነፃ በማውጣት ረገድ ከማናቸውም ነገር የበለጠ የሠራው ብስክሌት መሆኑን ተናግራለች።

የማስታወቂያ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ነቅተው ነበር። አኒ ኮኸን ኮፕቾቭስኪ የምትባል የቦስተን ነዋሪ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ በ1894 በብስክሌት ዓለምን እዞራለሁ ብላ ተነሣች። "ለንደንደሪ" የተባለ የማዕድን ውሃ ኩባንያ 100 ዶላር ከፍሏት ስሙን በብስክሌቷ ላይ አንጠለጠለች። የራሷንም ስም ለውጣ "አኒ ለንደንደሪ" ተባለች። ጉዞዋን የጀመረችው በረጅም ቀሚስና 19 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ብስክሌት ነበር። ቺካጎ ስትደርስ ቀሚሱን በሰፊ ሱሪ፣ ብስክሌቱን ደግሞ ግማሽ ያህል ክብደት ባለው የወንድ ብስክሌት ለወጠች። ከጉዞው ብዙው በመርከብ የተካሄደ ቢሆንም በ1895 ተመለሰች፤ ስፖንሰሯም ገንዘቡን አልከሰረም።

ከዚህ ታሪክ ነጋዴው ሁለት መንገድ ያያል። አንደኛው ሴቲቱ ለብስክሌቱ ስትል ልብሷን እንድትለውጥ ማድረግ ነው። ይህ ለዓለም ዞሪና ለስፖርተኛ ይሆናል። ሁለተኛው ብስክሌቱ ለሴቲቱ ልብስ ሲባል እንዲለወጥ ማድረግ ነው። ሰፊው ገበያ ያለው በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው።

የአክሲዮን ግርግር ያተረፈው ትምህርት

በዚያው ዘመን የብስክሌት ወሬ ከመንገድ አልፎ ወደ አክሲዮን ገበያ ገብቶ ነበር። ኧርነስት ሁሊ የተባለ እንግሊዛዊ የአክሲዮን ነጋዴ በ1896 የደንሎፕን ኩባንያ በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ ወዲያው በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ለሕዝብ ሸጠው። የብስክሌት አክሲዮን እንደ ትኩስ ዳቦ ተሻማ። ፋብሪካዎች ከፍላጎቱ በላይ አመረቱ። ዋጋው ተንኮታኮተ። ሁሊም ራሱ በ1898 ከሰረ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ሆኖም የከሰረው ግምቱ እንጂ ዕቃው አልነበረም። የብስክሌት ዋጋ ሲወርድ ቀድሞ የባለጠጎች መዝናኛ የነበረው ዕቃ ወደ ፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ወደ አስተማሪዋና ወደ ጸሐፊዋ እጅ ገባ። ፋሽን ነው ተብሎ የተገዛ ብስክሌት ፋሽኑ ሲያልፍ ይጣላል። የዕለት ሥራ የሚያሠራ ብስክሌት ግን ጎማው ሲያልቅ ሌላ ጎማ ይገዛለታል። ለነጋዴ አስተማማኙ ደንበኛ ሁለተኛው ነው።

የአያት ብስክሌት ያለባት አገር

የዕለት ብስክሌት ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ሆላንድን መመልከት ይበቃል። 18 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር 23 ሚሊዮን የሚገመት ብስክሌት አለ። በብስክሌት ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሆነውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። በአሜሪካ በአንፃሩ ጥናቶች የሴቶቹን ድርሻ ሩብ ገደማ ያደርጉታል።

የሆላንድ ሴቶች ከሌላው የተለየ ጉልበት ኖሯቸው አይደለም። "ኦማፊትስ" ማለትም "የአያት ብስክሌት" የሚሉት ዓይነት ምን እንደሚመስል ማየት ነገሩን ይገልጠዋል። መካከሉ ዝቅ ያለ ነው። መሪው ወደ ነጂዋ ስለሚመጣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች እንጂ እንደ እሽቅድምድም አትጎብጥም። ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተከደነ ነው። የኋላ ጎማው ልብስ እንዳይገባበት ግራና ቀኙ ተሸፍኗል። መብራት፣ ደወል፣ ዕቃ መጫኛና ማቆሚያ ከነቁልፉ አብረውት ይሸጣሉ። ክብደቱ እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል። ለውድድር የማይሆን፣ ዝናብ የማይበግረው፣ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነው። ሴቲቱ በካፖርትም ሆነ በቀሚስ ትወጣበታለች። የብስክሌት ልብስ የሚባል ነገር አያስፈልጋትም።

ብስክሌቱ ብቻውን ግን ገበያውን አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ1971 በሆላንድ በመኪና አደጋ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች "የልጆች ግድያ ይቁም" ብለው አደባባይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለብስክሌት የተለየ መንገድ እየተሠራ ሄደ። የትራንስፖርት ተመራማሪዎች የአንድን ከተማ የብስክሌት መንገድ ደኅንነት ለመመዘን በመንገዱ ላይ ስንት ሴት አለች ብለው ይቆጥራሉ። ሴቶች ከሌሉ መንገዱ ገና ነው ማለት ነው።

ዴንማርክ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ትሰጣለች። ላርስ ኤንግስትሮም የተባለ የኮፐንሃገን ነዋሪ በ1984 ከፊቱ የእንጨት ሳጥን ያለው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ለባለቤቱ ስጦታ ሠራላት። ጎረቤቶች አይተው ለእኛም ይሠራልን አሉ። ዛሬ "ክሪስቲያኒያ" በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ብስክሌት በኮፐንሃገን እናቶችና አባቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱበትና አስቤዛ የሚያመጡበት ሆኗል። ከአንዲት ሴት የዕለት ችግር ተነሥቶ ንግድ የሆነ ዕቃ ነው።

ነገሩ የሀብታም አገር ቅንጦት እንዳይመስል ሕንድን መጨመር ይገባል። የቢሃር ክፍለ ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች ብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ ይሰጥ ጀመር። ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ኒሺት ፕራካሽ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ በዕድሜያቸው 9ኛ ክፍል መግባት ካለባቸው ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተመዘገቡት በ30 ከመቶ ገደማ ጨምረዋል። የብዙ ልጃገረዶችን ትምህርት ያቋርጥ የነበረው የመንገዱ ርቀት ነበር ማለት ነው።

ሮዝ ቀለም ብቻውን አይሸጥም

አንዳንድ ነጋዴ "ለሴት" ሲባል የሚታየው ቀለም ነው። ያንኑ የወንድ ብስክሌት ሮዝ ቀብቶ፣ አበባ ለጥፎበት፣ ዋጋ ጨምሮ ያቀርበዋል። ደንበኛዋ ግን ሞኝ አይደለችም። ብረቱ እንዳለ ነው፤ ካቴናው እንዳለ ገላጣ ነው። ማማር ማለት ቀለም መቀባት ሳይሆን ሴቲቱ ከብስክሌት ስትወርድ ከቤቷ እንደወጣች ሆና መገኘቷ ነው።

ማማሩም ቢሆን ደኅንነትን መቅደም የለበትም። አና ሃውፕትና ቴሬስ አልስቲን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን በ2005 በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጥናታቸው አንድ ሐሳብ አፈለቁ። ጸጉር የሚያበላሽ ሄልሜት አንፈልግም ለሚሉ ሰዎች እንደ ሻርፕ አንገት ላይ የሚደረግ፣ በአደጋ ጊዜ በቅጽበት ተነፍቶ ራስን የሚሸፍን የአየር ከረጢት ነው። "ሆቭዲንግ" ተብሎ በብዙ አገሮች ተሸጠ፤ ስሙም ገነነ። በታኅሣሥ 2023 ግን የስዊድን የሸማቾች ባለሥልጣን የደኅንነት ጥያቄ አንሥቶ ሽያጩ እንዲቆም አዘዘ። ኩባንያውም በዚያው ወር የኪሳራ ጥያቄ አቀረበ። የደኅንነት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዋና ሸቀጡ እምነት መሆኑን ከዚህ ይማሯል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለማምጣት ያሰበ አስመጪም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 ከሊቲየም ባትሪዎች በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋም ደረጃው ያልተረጋገጠ ባትሪ እንዳይሸጥ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣች። ባትሪው ቤት ውስጥ፣ አልጋ አጠገብ፣ ልጆች በተኙበት ይሞላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ አስመጪው የባትሪውን የምርመራ ማረጋገጫ ሳያይ ኤል ሲ ባይከፍት ይሻለዋል።

አዲስ አበባና ዳገቷ

"አዲስ አበባ ሆላንድ አይደለችም" የሚለው መልስ እውነት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ መንዳት ትንፋሽ ያሳጥራል። ላብ ደግሞ የቢሮ ልብስ ጠላት ነው። እዚህ ላይ ነው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሒሳቡን የሚለውጠው። በአውሮፓ ሕግ መደበኛ የሚባለው 250 ዋት ሞተር ያለው፣ ነጂዋ ፔዳል ስትረግጥ የሚያግዛትና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን የሚያቆም ነው። ዳገቱን ሞተሩ ይካፈላታል። በሜዳማዋ ሆላንድ እንኳን እ.ኤ.አ. በ2021 ከተሸጡት አዳዲስ ብስክሌቶች ከግማሽ በላይ የኤሌክትሪክ ነበሩ።

ጊዜውም ወደዚያው ያመለክታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። በዚያው ዓመት በተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በበርካታ ጎዳናዎች ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ መኪና ብዙ ሠራተኛ ከሚያልመው ርቋል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ደግሞ ሜዳማ በመሆናቸው ሞተር እንኳ ሳያስፈልግ ብስክሌት ከቆየ ጀምሮ የሚነዳባቸው ከተሞች ናቸው። ሙከራውን ከእነሱ የጀመረ አስመጪ ብዙም አይሳሳትም።

ጥያቄው ምን ዓይነት ዕቃ ይምጣ የሚለው ነው። መካከሉ ዝቅ ያለ፣ ካቴናው የተከደነ፣ የኋላ ጎማው የተሸፈነ ሊሆን ይገባል። የነጠላ ዘርፍ፣ የረጅም ቀሚስ ጫፍም ሆነ የጅልባብ ጨርቅ በጎማ ሽቦ ከተያዘ የሚከተለው መውደቅ ነው። ፓራፋንጎው ለክረምቱ ጭቃ የሚበቃ፣ ቅርጫቱ አስቤዛ የሚችል ይሁን። ከሁሉ በላይ የጎማው ልክ መታየት አለበት። የሆላንድ ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 28 ናቸው። ሱቆቹን የሞሉት የተራራ ብስክሌቶች ግን በብዛት ባለ 26 ናቸው። ጎማና ካላማዳሪ በማይገኝለት ልክ የመጣ ብስክሌት በመጀመሪያው ፍንዳታ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል፤ ነጋዴውም ስሙን ያጣል። ስለዚህ መለዋወጫው ከብስክሌቱ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ይግባ።

ተፈታትቶ የሚመጣ ብስክሌት ኮንቴይነር ውስጥ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ነው፤ እዚህ መገጣጠሙም ለወጣቶች ሥራ ይሆናል። የጎማ ሽፋኑንና የካቴና ክዳኑን የአገር ውስጥ ባለ እጆች ሊሠሩት ይችላሉ። ቅርጫት ደግሞ ከጥንት የሚሠራበት አገር ነው። ነገር ግን አንዳንድ ብየዳ ቤት እንደሚያስበው የወንዱን ብስክሌት አግድም ብረት ቆርጦ "የሴት" ማድረግ አይሞከርም። ብረቱ የብስክሌቱን አካል አጥብቆ የያዘ ነውና ከተቆረጠ መንገድ ላይ ሊታጠፍ ይችላል።

የሕንፃ ባለቤቶችና የቤት ደላሎችም ድርሻ አላቸው። አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ እስከ 10 ብስክሌት ይይዛል። ጥበቃ ያለው የብስክሌት ማቆሚያና ባትሪ መሙያ ያለው ሕንፃ ለተከራይ የሚያቀርበው ተጨማሪ ነገር አገኘ ማለት ነው። ብስክሌቷን ከበር አስራ ስትመለስ የማታገኛት ሴት ሁለተኛ አትገዛም፤ ለጓደኛዋም አትመክርም።

እንቅፋቱ አይደበቅም

ለከፋ አለ። ታክሲና አውቶቡስ የብስክሌቱን መስመር ይዞ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ወንድሙ በልጅነቱ ብስክሌት ሲማር እህቱ ውሃ ስትቀዳ ወይም ወጥ ስትሠራ በመቆየቷ፣ ዛሬ ገንዘብ እያላት መንዳት የማትችል ሴት ብዙ ናት። እነዚህን ነጋዴ ብቻውን አይፈታቸውም። መስመሩን ማስከበር የትራፊክ ፖሊስና የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። መንዳት ማስተማር ግን የሻጩ ሊሆን ይችላል። ለብስክሌት ገዢ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ሜዳ ላይ ማሠልጠን ከማስታወቂያ ወጪ አይበልጥም። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው "መንገድ ለሰው" የተባለው ከመኪና ነፃ እሑድ፣ መንገዱ ሲለቀቅላቸው ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው እንደሚወጡ አሳይቷል።

ከመቶ ብስክሌት ጥቂቱን ለሴት የሚሆን አድርጎ ማምጣት አስመጪውን አያከስረውም። ጀማሪ ነጋዴ ሃያ ወይም ሠላሳ አምጥቶ፣ ከቢሮ ሠራተኞችና ከአስተማሪዎች ጋር በክፍያ ጊዜ ተስማምቶ ሊሞክር ይችላል። የሚጠቀመውም ሻጩ ብቻ አይደለም። ጠዋት ለታክሲ ተሰልፋ የምትውል፣ ከደመወዟ ለመጓጓዣ ከፍላ የምትጨርስ፣ ማታ ታክሲ ሲጠፋ በጨለማ በእግሯ የምትሄድ ሠራተኛ ሰዓቷና ገንዘቧ ይተርፍላታል። የተረፈው ገንዘብም ተመልሶ ገበያ ይገባል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያች ቀሚስ የለበሰች ደንበኛ አንድ ቀን ወደ ሱቁ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ሻጩ "ለወንድምሽ ነው?" ማለቱን ትቶ "እህት፣ ቁመትሽ ስንት ነው?" ብሎ ኮርቻውን ዝቅ ካደረገላት፣ ገበያው ተከፈተ ማለት ነው።